የባንኮኒ ወንበር ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን? 45፣ 65 ወይስ 75

አዲሱ ቤታችን የገባን ሰሞን መጀመሪያ ያሠራሁት ዕቃ አልጋ አልነበረም። ቁም ሳጥንም አልነበረም። አራት የባንኮኒ ወንበር ነበር። ኪችናችን ከሳሎኑ ጋር ክፍት ነው፤ መሀላቸው ላይ ግራናይት የለበሰ ባንኮኒ አለ። ጠዋት ልጆቹ እዚያ ቁርስ ሲበሉ፣ ማታ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ሲያጫውተኝ ይታየኝ ነበር። ፎቶ መረጥኩ። ለአንድ ብየዳ ቤት ላክሁ። ቀብድ ከፈልኩ። "ቁመቱስ?" ሲሉኝ "የተለመደው ይሁን" አልኩ።

የተለመደው 75 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መጣ። የእኔ ባንኮኒ 92 ነው። ከመቀመጫው እስከ ባንኮኒው ገጽ 17 ሴንቲ ሜትር ቀረ ማለት ነው። ኮንክሪቱና ግራናይቱ ደግሞ አንድ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ይወፍራሉ። ለጭናችን የተረፈው 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። በዚያ ክፍተት የልጅ እግር እንኳ አይገባም። ሁላችንም ወደ ጎን ዞረን፣ ወገባችንን አጣመን ነበር የምንበላው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም እዚያ አይቀመጥም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጓደኛም ጎረቤትም "ባር ስቱል ልገዛ ነው" ሲለኝ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ቆዳው አይደለም። በመቀመጫውና በባንኮኒው መሀል ስንት ሴንቲ ሜትር ይቀራል? ይሄ ከተስተካከለ ርካሹ ወንበርም ይመቻል። ይሄ ከተበላሸ ግን የቱንም ያህል የሚያምር ወንበር ቢሆን ቦርሳ ማስቀመጫ ይሆናል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በርጩማ ዝቅ ያለው መሶቡ ዝቅ ስላለ ነው። ረከቦት ፊት የምትቀመጥ ሴትም ወንበሯ አጭር የሆነው ጀበናውና ሲኒው እጇ ሥር እንዲሆኑላት ነው። መቀመጫና ገበታ ሁልጊዜ አብረው ይታሰቡ ነበር። ባንኮኒው ከውጭ ሲመጣ ግን ወንበሩን ለብቻው በፎቶ መምረጥ ጀመርን።

ሦስቱ ቁመቶች

ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን የምንበላባቸው ቦታዎች ቁመታቸው በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው የምግብ ጠረጴዛ ነው። ከወለል እስከ ገጹ ከ74 እስከ 76 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወንበሩ መቀመጫው ጋ 45 ገደማ ነው።

ሁለተኛው የኪችን ባንኮኒ ነው። ቆመን የምንከትፍበት፣ የምናቦካበት ቁመት ማለት ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካ ያላችሁ 36 ኢንች የምትሉት ይሄንኑ ነው፤ በሴንቲ ሜትር 91.4 ይመጣል። ለዚህ የሚሆነው መቀመጫ ከ60 እስከ 67 ነው። እኔ በጥቅሉ 65 እለዋለሁ።

ሦስተኛው የባር ባንኮኒ ነው። ከ105 እስከ 110 ይደርሳል። ሆቴልና መጠጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ክርን ለማሳረፍ የሚመቸው ቁመት ነው። አሜሪካ 42 ኢንች ነው፤ 106.7 ሴንቲ ሜትር። መቀመጫው ከ74 እስከ 80 ይሆናል።

ሦስቱንም ቀንሳችሁ ብታዩ መልሱ ተመሳሳይ ነው። ከመቀመጫው እስከ ገበታው ገጽ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀራል። ክርናችን ትከሻችንን ሳያነሳ ገበታው ላይ የሚያርፈው፣ ጭናችንም ከሥር ሳይነካ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ከ25 በታች ሲሆን እግር ይጠባል። ከ30 በላይ ሲያልፍ ደግሞ ገበታው ወደ ደረት ይጠጋል፤ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ክንዱን ሰቅሎ ይበላል።

ችግሩ የሚመጣው 65 እና 75 በፎቶ ስለማይለዩ ነው። ሁለቱም ረጃጅም ናቸው፤ ሻጩም ሁለቱንም "ባር ስቱል" ነው የሚላቸው። ልዩነታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ያቺ 10 ሴንቲ ሜትር የጭናችን ቦታ ናት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቴሌግራም ላይ "ቁመቱ 1 ሜትር" ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መደገፊያው ጫፍ የተለካ ነው። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ያለው ነው። "የመቀመጫው ቁመት ስንት ነው?" ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው ሜትር ዘርግቶ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከላይ ብቻ አትለኩ

ብዙ የውጭ መመሪያ "ከባንኮኒው ገጽ 25 እስከ 30 ቀንስ" ብሎ ያቆማል። ለእነሱ ይሠራል። እዚያ ባንኮኒው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ወይም እንጨት ነው፤ ከሥሩ የሚጠበው ነገር ትንሽ ነው። የእኛ አገር ቤቶች ውስጥ ግን ባንኮኒው ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ነው። ብረት ገብቶበት የተሞላ፣ ከላይ ሴራሚክ ወይም ግራናይት የተለጠፈበት። ውፍረቱ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ግንባሩ ላይ ወደ ታች የወረደ የግራናይት ጠርዝ ካለ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያዙ። አንደኛው ከወለሉ እስከ ባንኮኒው ገጽ። ሁለተኛው ከወለሉ እስከ ባንኮኒው ሆድ፣ ማለትም እግራችሁ ሊነካው የሚችለው ዝቅተኛው ቦታ። ከሁለተኛው ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። ይህ የጭን ቦታ ነው። የመቀመጫው ቁመት ከዚያ መብለጥ የለበትም።

የእኔን ላስላላችሁ። ገጹ 92፣ ሆዱ 83። ከ83 ላይ 18 ሲቀነስ 65። ከ92 ላይ 65 ሲቀነስ 27። ሁለቱም ተስማሙ። መጀመሪያ ይሄን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ለብየዳ ቤቱ "65" ብዬ እጽፍለት ነበር።

አንዳንዴ ሁለቱ አይስማሙም። ባንኮኒው 90 ሆኖ ውፍረቱ 13 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሆዱ 77 ላይ ነው። 18 ሲቀነስ 59 ይመጣል። ከገጹ ሲታይ ግን ክፍተቱ 31 ሆነ፤ ትንሽ ሰፋ። እንዲህ ሲሆን ለጭኑ አድሉ። ክንድ ትንሽ ከፍ ቢል ይለመዳል። የታመቀ ጭን ግን አይለመድም።

ወለሉን በተመለከተ አንድ ነገር። ቤቱ ገና ሊሾ ከሆነና ሴራሚክ የምታስነጥፉ ከሆነ ከነጠፋው በፊት የለካችሁት አይሠራም። የሚነጠፈው ነገር ወለሉን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል፤ ባንኮኒው ግን ባለበት ነው። ወለሉ ካለቀ በኋላ ለኩ። ባንኮኒው ረጅም ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ለኩ። ወለል ሁሌ ልክ አይሆንም።

ስፖንጁንም አትርሱ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ያለው መቀመጫ ሰው ሲቀመጥበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሟሽሽ ይችላል። መጥፎ ስፖንጅ ከሆነ በዓመቱ ጨርሶ ይተኛል። ጠንካራ እንጨት ከሆነ የለካችሁት ቁጥር ያው ነው። ባለ ስፖንጅ ካሠራችሁ 65 ለማግኘት 66 ወይም 67 ብታዙ አይከፋም።

65 ወይስ 75? የሚቀመጠው ማነው?

ባንኮኒያችሁ ተሠርቶ ካለቀ ምርጫው ብዙ አይደለም፤ ወንበሩ ባንኮኒውን ይከተላል። ገና እያሠራችሁ ወይም ኪችን እያሳደሳችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚወሰነው የባንኮኒው ቁመት ነው። እኔ ለቤት የምመርጠው ያለ ምንም ማመንታት 90ውን ነው። ምክንያቴ የሚቀመጡበት ሰዎች ናቸው።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። 75ቱ ወንበር ላይ መውጣት ለእሷ መንጠላጠል ነው። በአንድ እግሯ የእግር ማሳረፊያውን ረግጣ፣ በእጇ ባንኮኒውን ይዛ፣ ዞራ መቀመጥ አለባት። አንድ ቀን ስትሞክር አይቼ ልቤ ተንጠለጠለ። 65 ላይ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። 1 ሜትር ከ55 ወይም ከ60 የሆነ ሰው 65 ላይ አይወጣም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ ይላል። ሲነሳም እንደዚያው ነው። እንዲያውም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዝቅተኛ ሶፋ ላይ ከመነሳት ከዚህ ላይ መነሳት ይቀለዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች።

ልጆች ደግሞ የእግር ማሳረፊያውን እንደ መሰላል ነው የሚያዩት። ከ75 ላይ ሴራሚክ ወለል ላይ መውደቅ ከ65 ላይ እንደ መውደቅ አይደለም። ወንበሩም በረዘመ ቁጥር ልጅ ጫፉን ይዞ ሲንጠለጠል ለመገልበጥ ይቀርባል። ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ስለ 75 ባታስቡ እመርጣለሁ።

ሌላው ባንኮኒው ራሱ ነው። 90 ሲሆን ይሠራበታል። ሊጥ ይዳመጥበታል፣ ጎመን ይከተፍበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ምግብ ይደረደርበታል። 107 ላይ ቆሞ መከተፍ ትከሻ ይገላል።

ይሁንና 75 የሚሻልበት ቤት አለ። ኪችኑ ውስጥ የሚታጠበው ዕቃ ሲከመር ከሳሎን እንዳይታይ የምትፈልጉ ከሆነ ከፍ ያለው ባንኮኒ መጋረጃ ይሆንላችኋል። ብዙ ቤት ውስጥ ከኪችኑ በኩል 90፣ ከሳሎኑ በኩል ደግሞ ከ105 እስከ 110 ሆኖ በሁለት ደረጃ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሌላው የጨዋታ ጉዳይ ነው። 75 ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከቆመ ሰው ዓይን ጋር ይቀራረባል። አንዱ ቆሞ እየሠራ ሌላው ቁጭ ብሎ ሲያወሩ ቀና ብሎ ማየት አያስፈልግም። ቤታችሁ ወጣቶች ብቻ ያሉበት፣ ጓደኛ የሚበዛበት፣ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ተቀምጦ የሚያመሽበት ከሆነ 75 ደስ ይላል።

45ትን ደግሞ አትናቁት። ባንኮኒውን ከኪችኑ ጋር አያይዛችሁ በ75 ሴንቲ ሜትር፣ ልክ እንደ ምግብ ጠረጴዛ ዝቅ አድርጋችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ለአዛውንት፣ የቤት ሥራ ለሚሠራ ልጅ፣ ላፕቶፕ ይዞ ሦስት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ይህን የሚያህል የለም። እግር መሬት ይረግጣል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ካለ ደግሞ 65ም 75ም አያዋጡም። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት የመመገቢያ ገበታ ከ28 እስከ 34 ኢንች እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከ71 እስከ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ተራው የምግብ ጠረጴዛ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ 90 ግን አይገባም።

የእግር ማሳረፊያው

ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ እኔ ግን ከቁመቱ ቀጥሎ የማየው ይሄን ነው። ተራ ወንበር ላይ ወለሉ ራሱ የእግር ማሳረፊያ ነው። ረጅም ወንበር ላይ ወለሉ ስለሚርቅ ያቺ አግዳሚ ብረት ወለል ትሆናለች። የምትቀመጥበት ቦታ ከተሳሳተ እግር ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለ እግር ክብደቱን መቀመጫው ጠርዝ ላይ ይጥላል፤ ጠርዙ የጭንን ሥር ይጫናል። ከሩብ ሰዓት በኋላ እግር መደንዘዝ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሰዎች "የባር ወንበር አይመቸኝም" ሲሉ ብዙውን ጊዜ ያልተመቻቸው ይሄ ነው።

ከመቀመጫው እስከ ማሳረፊያው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከ45 በላይ ከሆነ አጭር ሰው አይደርስበትም። ከ38 በታች ከሆነ ደግሞ ጉልበት ወደ ላይ ይነሳና ባንኮኒውን ይነካል። ስለዚህ 65 መቀመጫ ከሆነ ማሳረፊያው ከወለሉ 22 ገደማ ላይ ይሆናል፤ 75 ከሆነ 32 ገደማ። ቤታችሁ ውስጥ ቁመታቸው የሚለያይ ሰዎች ካሉ አራቱን ጎን በአንድ ቁመት አታሠሩት። ከፊት ያለውን ከመቀመጫው 42 ዝቅ አድርጉት፣ ከጎን ያሉትን 38 ብትሉ ብየዳ ቤቱ ተጨማሪ ሥራ የለበትም፤ ልጆቹም ጎኑን ይረግጣሉ።

ማሳረፊያው ቶሎ የሚያረጀው ቦታም ነው። ጫማ በየቀኑ ይፈገፍገዋል። የተቀባ ብረት ከሆነ ቀለሙ በጥቂት ወራት ይላጣል፣ ከዚያ ዝገት ይከተላል። ያቺን አንዷን ዘንግ ብቻ ከማይዝግ ብረት አሠሩ። የተቀረው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ሆኖ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ከተቀባ በኋላ ቀለም ቢደረግበት ይበቃል። የእንጨት ከሆነም ማሳረፊያው ላይ ቀጭን የብረት ሽፋን ይመታበት።

ጉልበት የት ይገባል?

ቁመቱ ልክ ሆኖ የማይመች ባንኮኒ አለ። ብዙ አፓርታማ ውስጥ ኪችንና ሳሎን የሚለየው ግማሽ ግድግዳ ነው። ከላይ ግራናይት ተደርጎበት "ባንኮኒ" ይባላል። ግራናይቱ ግን ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ፊት ወንበር ብታስቀምጡ ጉልበታችሁ ግድግዳውን ይመታል። ያን ጊዜ ወንበሩን ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ፣ ሳህኑም ይርቃል።

ለጉልበት የሚያስፈልገው ጥልቀት ከቁመቱ ጋር ይቀያየራል። ዝቅ ያለው ጠረጴዛ 45 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። 90ው ባንኮኒ 38 ቢሆን ጥሩ ነው። 107ቱ 30 ይበቃዋል፤ ምክንያቱም ከፍ ባለ ወንበር ላይ እግር ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ነው የሚወርደው። ቦታ ከጠበበ በየደረጃው ጥቂት መቀነስ ይቻላል፤ ከ25 በታች ግን አትውረዱ።

ግራናይቱን አስረዝሙ ማለት ነው። ድንጋዩ ግን ያለ ድጋፍ ብዙ አይወጣም። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አልፎ ከወጣ ከሥሩ የብረት ድጋፍ ያስፈልገዋል። 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እስከ 25 ድረስ ይችላል። ድጋፉ ሲሠራ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዳይሆን በሁለት ወንበሮች መሀል ይደረግ። ይህን ሁሉ ማድረግ ካልቻላችሁ ያን ግድግዳ ለአበባና ለፍራፍሬ ተዉለትና ወንበር አትግዙለት። በከንቱ ብር አታውጡ።

ከኋላም ቦታ ያስፈልጋል። ከባንኮኒው ጠርዝ ጀምሮ ከወንበሩ ጀርባ ማንም የማያልፍ ከሆነ 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሰው በጎን ሾልኮ የሚያልፍ ከሆነ 90 አድርጉት። ትሪ ይዞ የሚመላለስ ካለ 110 ይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሄ ቁጥር ብዙ ጊዜ ነው ውሳኔውን የሚሰጠው። 110 ከሌላችሁ መደገፊያ የሌለውን፣ ባንኮኒው ሥር ጠቅልሎ የሚገባውን ወንበር ውሰዱ።

ስንት ወንበር? ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አስቡ። 180 ሴንቲ ሜትር ባንኮኒ ሦስት ሰው ይይዛል። ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወይም የሚሽከረከር ከሆነ ለእያንዳንዱ ከ70 እስከ 75 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለት ይሆናል። እኔ አራት ያሠራሁት ባለ 180 ባንኮኒ ላይ ነበር። አራተኛው አሁን መኝታ ቤት አበባ ተሸክሟል።

ከፍ ዝቅ የሚለው ወንበር

"ታዲያ ለምን ከፍ ዝቅ የሚለውን አልገዛም?" ትሉኝ ይሆናል። በጋዝ የሚሠራው፣ ከጎኑ ማንሻ ያለው ማለታችሁ ነው። ብዙዎቹ ከ60 እስከ 80 ባለው መሀል ስለሚሄዱ ለሁለቱም ባንኮኒ ይሆናሉ። ተከራይ ከሆናችሁና የሚቀጥለው ቤታችሁ ባንኮኒ ስንት እንደሚሆን ካላወቃችሁ እኔም ይሄንኑ እመክራለሁ። የባልና የሚስት ቁመት በጣም ሲለያይም ይረዳል።

ለቋሚ ቤት ግን አልወደውም። ጋዙ ከጊዜ በኋላ ይደክማል፤ ሰው ሲቀመጥበት ቀስ እያለ ይወርዳል። ክብ እግሩ ወለሉ ትንሽ ከተዛነፈ ይወዛወዛል። ልጆች መጫወቻ ያደርጉታል። ከገዛችሁ ማሳረፊያው ከመቀመጫው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑን እዩ። በአንዳንዱ ማሳረፊያው ምሰሶው ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ መቀመጫው ሲነሳ እግር ይንጠለጠላል። የሚችለውን ክብደትም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል።

መደገፊያን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው። ቁርስ በልቶ ለመነሳት መደገፊያ የሌለው ይበቃል፤ ቦታም አይዝም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ለሚቀመጥ ሰው፣ ለልጅና ለአዛውንት መደገፊያ ይኑረው። ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል አጭር መደገፊያ ሁለቱንም ያስማማል። ቀለሙን እናንተ ታውቃላችሁ።

ማሠራት ወይስ መግዛት

የተገዛው ቶሎ ይደርሳል፤ ተቀምጣችሁም ትሞክሩታላችሁ። ግን ቁመቱ የተወሰነ ነው። አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ የቤት ዕቃ መደብሩ አይኬያ ስትገቡ የምታገኙት ባብዛኛው 63 ገደማ ወይም 75 ገደማ ነው። አሜሪካ ደግሞ ለ36 ኢንች ባንኮኒ ከ24 እስከ 26 ኢንች መቀመጫ፣ ለ42ቱ ከ28 እስከ 30 ኢንች መቀመጫ ይሸጣል። ወረቀቱ ላይ "ካውንተር ሃይት" ካለ የ90ው ነው፤ "ባር ሃይት" ካለ የ107ቱ። እህት ወይም ወንድም ከውጭ ሊልክላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የባንኮኒያችሁን ሁለት ቁጥር በሴንቲ ሜትር ላኩለት። ኢንቹን በ2.54 አብዝቶ ያመሳክረው። 26 ኢንች 66 ሴንቲ ሜትር ነው።

ማሠራት ደግሞ እኛ አገር ትልቅ ዕድል ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ባንኮኒ ያለው ሰው በልኩ የሆነ ወንበር ሱቅ ውስጥ ላያገኝ ይችላል። ብየዳ ቤት ግን ያገኛል። ከምታሠሩ እነዚህን እዩ፦ ቱቦላሬው ቢያንስ 25 በ25 ሚሊ ሆኖ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ይሁን፤ 1 ሚሊ ከሆነ ከጊዜ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ብየዳው ዙሪያውን ይሁን፤ በነጥብ ብቻ የተያዘ አትቀበሉ። እግሮቹ ወደ ታች ትንሽ ከፈት ይበሉ፤ ቀጥ ያለ ጠባብ እግር ረጅም ወንበር ላይ ይገለበጣል። ከሥር ጎማ ይግባበት። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ያለ ጎማ የሚጎተት ብረት ለታችኛው ጎረቤት ጭንቅ ነው።

የእንጨት ከፈለጋችሁ ዋንዛ ቀለል ያለና መልኩ የሚያምር ነው፤ ዋጋው ግን ከብረቱ ይወጣል። የእንጨት ወንበር ላይ የምታዩት መጋጠሚያውን ነው። እንጨቱ እንጨት ውስጥ ገብቶ በኮላ የተያዘ ይሁን። በምስማር ብቻ የተመታ ረጅም ወንበር ዓመት ሳይሞላው ይነቃነቃል።

ገዝታችሁ ረዝሞ ካገኛችሁት መቁረጥ ይቻላል። ከታች ስለሚቆረጥ በመቀመጫውና በማሳረፊያው መሀል ያለው ርቀት አይነካም። እግሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ከፈት ያለ እግር ከሆነ ግን ሲቆረጥ የእግሮቹ መሠረት ይጠባል፣ ጫፉም በሰያፍ መቆረጥ አለበት። የእኔዎቹን 10 ሴንቲ ሜትር ያስቆረጥኩት እንዲህ ነው። ሦስቱ በመጀመሪያው ተስተካከሉ። አንዱ ይወዛወዝ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አጭሩን ማስረዘም ከዚህ ይከብዳል፤ ስለዚህ በሁለት ቁጥር መሀል ከተጠራጠራችሁ ከፍ ያለውን ያዙ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ከሱቅ ሁለት ባዶ የለስላሳ ሳጥን ተዋሱ። ግድግዳ አስደግፋችሁ ወይም ሰው አስይዛችሁ ባንኮኒው ፊት ደራርቡት። ከላይ ጣውላ አድርጉበት። ያሰላችሁት ቁመት እስኪደርስ ደብተርና መጽሐፍ ጨምሩበት። ከዚያ ቤተሰቡ ተራ በተራ ይቀመጥበት፤ ከፊታችሁ ሳህን አድርጉና እንጀራ ቁረሱ። ቡናም ጠጡ። እግራችሁን ሌላ ሳጥን ወይም የተደራረበ መጽሐፍ ላይ አሳርፉና የማሳረፊያውን ቁመት ከዚያው ለኩ። ጎረቤቴ ለራሷ ባንኮኒ ይሄን ስታደርግ ያሰላችው 66 ነበር። እናቷ ተቀምጠው "ትንሽ ዝቅ ብትል" አሏት። ሁለት መጽሐፍ አወጣች። 63 ላይ እግራቸውን ዘርግተው ሻያቸውን ጨረሱ፤ እሷም ወረቀት ላይ 63 ብላ ጽፋ ለብየዳ ቤቱ ላከች።